ስለ ሁለተኛ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አበው። ይህ አነጋገር ሕፃን ሲወለድ ወላጆቹ ለሚያወጡለት ስም ይስማማ ይሆናል። እናት ያለፈችበትን ጭንቅ አስባ፣ አባት የተመኘውን ነገር ቈጥሮ፣ ልጁ ገና ክፉና ደጉን ሳይለይ ስም ያወጡለታል። ልጁም ያን ስም የሚያገኘው ምንም ሳይሠራ ነው። ነገር ግን ሰው አድጎ ከሰው መካከል ከገባ በኋላ ብዙ ጊዜ ሌላ ስም ደግሞ ያገኛል። ይህን ሁለተኛ ስም የሚያወጡለት ጎረቤቱ፣ ባልንጀራው፣ አሽከሩ፣ ወዳጁ፣ ጠላቱም ናቸው። እነርሱም የሚያወጡለት አይተው፣ በየራሳቸው ሚዛን መዝነው ነው። ስለዚህ ቅጽል ስም አንዲት ትንሽ ቃል ብትሆንም በውስጧ ፍርድ አለባት።

ፍርድ ከሆነች ዘንድ፣ የፈረደው ማን እንደ ሆነ፣ ምን አይቶ እንደ ፈረደ፣ ፍርዱም ቀና መሆኑን ወይም ጠማማ መሆኑን መመርመር ይገባል። ለዚህ ምርመራ የአገራችን ታሪክ ብዙ ምስክር አለው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ከብዙው ጥቂቱን አብረን እንመልከት። ዓመተ ምሕረቱን የምቈጥረው ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር ነው።

ስም አውጪ ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የሰውነትን ምልክት ነው። ረጅሙ፣ አጭሩ፣ ቀዩ፣ ጥርሰ ፍንጭቱ ለማለት ዕውቀት አያስፈልግም፤ ዓይን ብቻ ይበቃል። ከዚህ ዓይነቱ ስም ሁሉ በታሪካችን የገነነው ግራኝ የሚለው ነው። የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር ድል ካደረጉ ጀምሮ፣ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ እስኪወድቁ ድረስ አገሪቱን በጦርነት አናወጧት። ግራኝ ማለት በግራ እጁ የሚሠራ ማለት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሶማሌዎችም በቋንቋቸው ጉሬይ ይሏቸዋል፤ ትርጉሙ ያው ግራኝ ነው። የዘመቻቸውን ታሪክ በዓረብኛ የጻፈው ዓረብ ፋቂህ ግን ኢማም እያለ በማዕረግ ይጠራቸዋል።

እንግዲህ ግራ እጅ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። በደጋው አገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ የተቃጠለበት፣ ዘመዱ የሞተበት ሰው ግራኝ ባለ ጊዜ የሚታሰበው እጅ ሳይሆን እሳት ነበር። ሶማሌው ጉሬይ ባለ ጊዜ ደግሞ የሚታሰበው ጀግና ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን በውስጡ ያለው ስሜት ግን እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ከዚህ የምንማረው ቅጽል ስም ስለ ተጠሪው የሚናገረውን ያህል ስለ ጠሪውም እንደሚናገር ነው።

ይህ ስም ከሰው አልፎ ወደ ድንጋይ ተላለፈ። በሶዶ አገር በጢያ የቆሙትን የተቀረጹ ትክል ድንጋዮች የአካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ሲላቸው ኖሯል። ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት ግን ድንጋዮቹ ኢማሙ ከመወለዳቸው በፊት የቆሙ ናቸው። ሕዝቡ የድንጋዮቹን ባለቤት ባጣ ጊዜ በጣም የሚያስታውሰውን ሰው ስም ሰጣቸው። በዚህም የእውነተኞቹ ጠራቢዎች ስም ጠፋ፤ ያልጠረበው ሰው ስም በቦታው ተተከለ። ስም ያለ ምርመራ ሲሰጥ የአንዱን ሥራ ለሌላው እንደሚያወርስ ይህ ምስክር ነው።

ከሰውነት ምልክት ቀጥሎ ያለው የጠባይና የሥራ ምልክት ነው። የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ተባሉ። ስሑል በግዕዝ የተሳለ ማለት ነው፤ ብልሃታቸው እንደ ስለት ነበርና። ነገር ግን ስለት ያገኘውን ሁሉ ይቈርጣል። በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ የተገደሉት በእኒሁ ሰው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ስሑል የሚለው ስም ምስጋና ይሁን ማስጠንቀቂያ፣ ቃሉን ብቻ ሰምቶ ለመለየት አይቻልም።

ከዚህም የበለጠ ከባድ ፍርድ የተቀበሉ ንጉሥ አሉ። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በ1771 ዓ.ም. በጎንደር ነገሡ። መኳንንቱ ሲያወርዷቸው፣ መልሰው ሲያነግሧቸው ስድስት ጊዜ ያህል ከዙፋን ወጥተዋል፤ ወርደዋልም። የዙፋን ስማቸው ፍቅር ሰገድ ነበር። ትውልድ ግን ያን ትቶ ፍጻሜ መንግሥት አላቸው፤ ከእርሳቸው በኋላ በጎንደር ዙፋን ላይ የሚቀመጠው ስሙ እንጂ ሥልጣኑ አልቋል ማለት ነው። ዙፋኑ ያከበራቸውን ስም ታሪክ ጸሐፊ ብቻ ያስታውሰዋል፤ ሕዝብ ያወጣላቸው ግን እስከ ዛሬ ከስማቸው አይለይም። ሥልጣን ለሰው ስም ሊሰጥ ይችላል፤ ሰው ሁሉ እንዲቀበለው ለማድረግ ግን ዐዋጅ አይበቃም።

አሁን ደግሞ ሰው ለራሱ ስለሚመርጠው ሁለተኛ ስም እንናገር፤ ይኸውም የፈረስ ስም ነው። በቀድሞው ዘመን ጦረኛ ሰው ለፈረሱ ስም ያወጣ ነበር፤ አሽከሮቹም ጌታቸውን በፈረሱ ስም እየጠሩ ይፎክሩ ነበር። አባ ማለት አባት፣ ባለቤት ማለት ስለ ሆነ፣ አባ ታጠቅ ሲባል ታጠቅ የተባለው ፈረስ ጌታ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተባሉ። በኦሮሞም ዘንድ ይህ ልማድ የጸና ነው፤ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር እስከ ዛሬ የሚታወቁት በዚሁ ስማቸው ነው።

የፈረስ ስም እንግዲህ እንደ ስእለት ያለ ነው። ጌታው እንደዚህ እሆናለሁ ብሎ በሕዝብ ፊት ይናገራል፤ ሕዝቡም ቃሉን ይጠብቅ እንደ ሆነ ያየዋል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። በወጣትነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የመጡ ሲሆኑ፣ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱም ድረስ በመንግሥት ምክርና በችሎት አዋቂነታቸው ታወቁ። ዛሬ መላ የተባለውን ፈረስ መልክ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎች ግን የሀብተ ጊዮርጊስን ፍርድ ሲያወሩ፣ እውነትም አባ መላ ይላሉ። ስሙ ከፈረሱ ወደ ሰውዬው አእምሮ ተሻገረ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መሻገር የሚሆነው ሰውዬው ስሙን በሥራ የሞላው እንደ ሆነ ብቻ ነው።

የራስ መኰንንም ፈረስ ቃኘው ይባል ነበር። ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ሞቱ። ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው ሻለቃ ተባለ፤ ስሙን ያወጡለት የራስ መኰንን ልጅ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። እንደዚህ አንድ የሐረር ጌታ ለፈረሱ ያወጣው ስም ባሕር ተሻግሮ በእስያ ተራሮች ላይ ተጠራ።

እስካሁን ያየነው የክብር ስም ነው። ስድብ ሆኖ የሚወጣ ቅጽል ስምም አለ፤ የሰውም ልብ በብርቱ የሚፈተነው በዚህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት፣ ካሳ ኃይሉ ተብሎ በቋራ በሸፈተበት ዘመን፣ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። እናቱ ከችግር የተነሣ ኮሶ ሸጠው ነበር ይባላል። ኮሶ ሰውን ከትል የሚያድን መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ ሻጩ በትልልቅ ሰዎች ዘንድ የተናቀ ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባሉ የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ይህን ስድብ በፉከራቸው ጨምረው ካሳን ሊይዙ ዘመቱ። በ1839 ዓ.ም. ግን ድል የሆኑት እርሳቸው ሆኑ። ካሳም የተሰደበበትን ኮሶ አስመጥቶ አጠጣቸው።

ይህን ታሪክ ያነበበ ወጣት ሁሉ ይስቃል፤ እኔም በመጀመሪያ ጊዜ ስቄአለሁ። ነገር ግን እናስተውል። የኮሶ ሻጭ ልጅ የሚለውን ስድብ ያጠፋው በጽዋ የቀረበው ኮሶ ነውን? አይደለም። በዚያ ቀን የተሰደበው ሰው ተበቀለ እንጂ ስሙ አልተለወጠም። ስሙ የተለወጠው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ ጭኖ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ በተነሣ ጊዜ ነው። ዛሬ የኮሶ ሻጭ ልጅ የሚለውን ቃል የምናስታውሰው ለተሳዳቢዎቹ ትዝብት እንጂ ለተሰደበው ኀፍረት አይደለም።

ከስድብ በተቃራኒ ፍቅር የሚያወጣው ስም አለ። ዐፄ ምኒልክ ለፈረሳቸው የመረጡት ስም ዳኘው ነበር፤ ሕዝቡ ግን በገዛ ፈቃዱ እምዬ የሚል ጨመረላቸው። ለወንድ፣ ያውም ለንጉሠ ነገሥት፣ የእናት መጠሪያ መስጠት እንግዳ ነገር ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ አራሽ በሬ አጥቶ፣ ሕዝቡ በረኃብ ባለቀ ጊዜ፣ ምኒልክ ራሳቸው መቈፈሪያ ይዘው ቈፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲቈፍሩ አዘዙ ተብሎ ይተረካል። ያ ዘመን ራሱ ቅጽል ስም አገኘ፤ ክፉ ቀን ተባለ። ዘመንም እንደ ሰው በሥራው ይጠራልና።

ከዘመን ወደ ዕቃና ወደ ተክል ብንወርድ የምናገኘው ሥርዓት ያው ነው፤ ሰው አዲስ ነገር ሲያይ በሚያውቀው ነገር ይሰይመዋል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ ምድር የመጣው ዛፍ ባሕር ዛፍ ተባለ፤ በቀድሞ ጊዜ ከአሜሪካ የወጣው በቆሎም የባሕር ማሽላ ተባለ። ስም አውጪው የመጡበትን አገር አያውቅም፤ ባሕር ተሻግረው መምጣታቸውን ግን ያውቃልና የሚያውቀውን ብቻ ተናገረ። ባቡር የሚለውም ቃል አስቀድሞ በእንፋሎት ለሚሄድ መርከብ የተሰጠ ነበር። ኋላ በሐዲድ የሚሄደው ሲመጣ የምድር ባቡር ተባለ፤ እህል የሚፈጨው መኪና ደግሞ የወፍጮ ባቡር። ዐፄ ቴዎድሮስም በጋፋት ያሠሩትን ታላቅ መድፍ፣ ያን ጊዜ በጦርነት ዝናዋ በዓለም በተሰማው በክሪሚያ ከተማ ስም ሴባስቶፖል አሉት፤ እርሱም ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ አለ።

ዕቃ ስድብ አይሰማውምና በዕቃ ላይ የሚወጣ ስም ጉዳት የለውም። አንዳንድ ጊዜ ግን የነገር ስም የሰው ስም ያጠፋል። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአዲስ አበባ ብዙ ሰው የፈጀ ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። የእኛ ሰዎች የኅዳር በሽታ አሉት፤ በመጣበት ወር ጠሩት እንጂ በማንም ላይ አላመካኙም። ይኸው በሽታ በአውሮፓና በአሜሪካ ግን የእስፓኝ ጉንፋን ተባለ። በሽታው ከእስፓኝ መነሣቱ ተረጋግጦ አይደለም። በዚያ ጊዜ ተዋጊዎቹ መንግሥታት ወታደራቸውና ጠላታቸው እንዳይሰማ የበሽታውን ወሬ በጋዜጣቸው ይከለክሉ ነበር። እስፓኝ ግን በጦርነቱ አልገባችምና ጋዜጦቿ ሕመሙን በግልጽ ጻፉ፤ ንጉሧም መታመማቸውን አልደበቁም። ዓለምም እውነቱን ከእርሷ ስለ ሰማ በሽታው የእርሷ መሰለው። እውነት የተናገረች አገር በበሽታ ስም ተጠራች፤ የደበቁት ግን ስማቸው ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የበለጠ ጠማማ ፍርድ የት ይገኛል?

እንዲህ ያለውን ፍርድ ስነቅፍ ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። እኔም በልጅነቴ ስም አውጪ ነበርሁ። በትምህርት ቤት ሳለን አንድ ባልንጀራችን፣ ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት፣ እስከ ተረከዙ የሚደርስ ካፖርት ለብሶ መጣ። እጅጌው ሁለት ጊዜ ታጥፎ ጣቶቹ በጭንቅ ይታዩ ነበር። እኔም ከበሩ ሲገባ፣ ካፖርት ብቻውን መጣ፤ ሰውዬው የት ቀረ? አልሁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የዚያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ካፖርት የሚለው ስም ጸና። ልጁ አልተጣላኝም፤ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግታውን እንደ ፈቃድ ቈጠርሁት።

ከዚያ ተለያየን። እርሱ ግንበኛ ሆነ፤ ሥራውም የተመሰገነ ነበር። በሠፈሩ ሰው ቤት ሊያሠራ ሲያስብ፣ ካፖርትን ጥሩልኝ ይል እንደ ነበረ ሰማሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ መሞቱን ተነግሮኝ ለልቅሶ ሄድሁ። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ቀብሩን የለፈፈው የግንበኛው የካፖርት ብሎ ነው፤ በወላጆቹ ስም ቢለፍፍ የሚያውቀው ስላልነበረ። በድንኳኑ ውስጥ ከታላቅ እኅቱ አጠገብ ተቀመጥሁ። የትምህርት ቤት ጓደኛው መሆኔን በነገርኋት ጊዜ እንዲህ አለችኝ፤ ያ ካፖርት የአባታችን ነበር። አባታችን በዚያ ክረምት ሞተ። እናታችን ሌላ የምታለብሰው ስላልነበራት የእርሱን አለበሰችው። ማታ ማታ ለብሶት ይተኛ ነበር፤ አባ አባ ይሸተኛል እያለ።

ስሙን ማን እንዳወጣለት ግን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ትርጉሙን የተማርሁት ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ነው። ባልንጀራዬ ያን ስም በሥራው አከበረው፤ የሳቅ ስም የነበረው የመልካም ግንበኛ ስም ሆነ። ይህ የእርሱ ብርታት ነው እንጂ የእኔ ቸርነት አይደለም። እሾህ የወጋው ሰው ደህና መራመዱ እሾሁን አያስመሰግነውም።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ለሰው ስም ልታወጣ አፍህን ስትከፍት በዳኛ ወንበር ላይ መቀመጥህን አስብ። ዳኛ ምስክር ሳይሰማ አይፈርድም፤ አንተም የሰውዬውን ነገር ሳታውቅ አትሰይም። ሰው ባልሠራውና ሊለውጠው በማይችለው ነገር፣ በመልኩ፣ በጕድለቱ፣ በድህነቱ፣ በወላጁ ሥራ ስም አታውጣለት። እናቱ ፊት ልትጠራው የምታፍርበትን ስም ከኋላው አትጥራው። ሌላው ሲያወጣም በሳቅ አትተባበር፤ ቅጽል ስም በአንድ ሰው አፍ ይወለዳል እንጂ የሚያድገው በሰሚው ሳቅ ነው።

አንተም ራስህ ክፉ ስም ወጥቶብህ እንደ ሆነ ኮሶ ለማጠጣት አትቸኵል። ስምን በጠብ የሚያስለውጥ ጥቂት ነው፤ በሥራ የሚያስረሳ ግን ብዙ ነው። መልካም ስምም ወጥቶልህ እንደ ሆነ አትመካ፤ ስእለት አለብህና በየቀኑ ክፈል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እውነት ነው፤ ከመቃብር በላይ የሚውለውን ስም የምናወጣው ግን እኛ በሕይወት ያለነው በየደጃፉና በየትምህርት ቤቱ ስንቀልድ ነው። እኔ ያን ባልንጀራዬን ወላጆቹ ባወጡለት ስም የጠራሁት ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ በመቃብሩ አፋፍ ቆሜ ነበር። እርሱ ግን አልሰማኝም።